ተኳኵሎ ወደ ስፖርት ቤት መሄድ ይገባልን?

ሐኪም ስላዘዛቸው፥ ወይም የገዛ አካላቸው መድከም ስላስገደዳቸው፥ ሰውነታቸውን ለማጠንከር ወደ ስፖርት ቤት የሚሄዱ እኅቶች በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች እየበዙ ሄደዋል። ቤቱ በተለምዶ ጂም ይባላል። ከእነዚህም እኅቶች አንዳንዶቹ ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ዐይናቸውን በስሱ ይኳላሉ፤ ፊታቸውን ጥቂት ዱቄት ያስነካሉ፤ ከንፈራቸውንም ፈዘዝ ያለ ቀለም ይቀባሉ። ስለ ምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ የሰው ዐይን ለመሳብ ነው አይሉም። በዚያ ሁሉ መስተዋትና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያለዚህ ለመቆም ድፍረት እንደሚያጡ፥ በጥቂቱ ሲኳኳሉ ግን በራሳቸው የመተማመን ስሜት እንደሚያድርባቸው ይናገራሉ። ከዚህም በኋላ ይህ ነገር ኀጢአት እንደ ሆነና እንዳልሆነ ይጠይቃሉ።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ፈጣን መልሶች አሉ። አንደኛው የሚስቅ መልስ ነው፤ ነገሩን እንደ ኢምንት ቈጥሮ ሌላ ጥያቄ አጣችሁን ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው የሚቈጣ መልስ ነው፤ ገና ኩል የሚለውን ቃል እንደ ሰማ የኤልዛቤልን ስም ይጠራል። ሁለቱም መልሶች ጠያቂዋን ሳያዳምጡ የሚሰጡ ናቸው። እኛ ግን ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በውስጡ ሰፊ ጥያቄ ስላለበት፥ ይኸውም ሰው በሰው ፊት ለመቆም የሚያስፈልገውን ድፍረት ከወዴት ያገኛል የሚለው ስለ ሆነ፥ ጥቂት ልንመረምረው ወደናል።

በመጀመሪያ ኩል ከባሕር ማዶ ትናንት የመጣ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። እናቶቻችን ዐይናቸውን ሲኳሉ፥ እጅና እግራቸውን በእንሶስላ ሲያሞቁ፥ ድዳቸውን ሲነቀሱ፥ ፀጕራቸውንም ቅቤ ሲቀቡ ኖረዋል። የሚበዙትም ጾመኞች፥ ጸሎተኞችና ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ልጃቸው በትንሽ ብልቃጥ የተሸጠ ቀለም ስለ ተቀባች ብቻ ከሃይማኖት እንደ ወጣች አድርጎ የሚገሥጽ ሰው፥ የአያቱን የኩል ብልቃጥ የረሳ ሰው ነው። ለውጡ በቀለሙ አይደለም፤ በቦታውና በምክንያቱ ነው። እናቶቻችን የሚኳሉት ለበዓል፥ ለሠርግና ለቤታቸው ነበር፤ ላብ ለማፍሰስ ሲወጡ የሚኳል ሰው ግን በቀድሞው ዘመን አይታወቅም ነበር። ወደ ወፍጮና ወደ ምንጭ የምትሄድ ሴት ስለ መልኳ ብዙ አታስብም ነበርና።

በቅዱሳት መጻሕፍትም ውስጥ ኩልና ሽቱ በአንድ ወገን ብቻ ተሰልፈው አይገኙም። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት በምዕራፍ 9 ኤልዛቤል ኢዩ ወደ ኢይዝራኤል እንደ መጣ በሰማች ጊዜ ዐይኗን ተኵላ፥ ራሷን አስጊጣ በመስኮት ተመለከተች። ይህን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ጻድቁ ኢዮብ ከመከራው በኋላ ከወለዳቸው ሦስት ሴቶች ልጆች የሦስተኛይቱ ስም በዕብራይስጡ ቄሬን ሀፑክ እንደ ሆነ፥ ትርጓሜውም የኩል ቀንድ፥ ማለት ኩል የሚቀመጥበት ቀንድ እንደ ሆነ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም የግሪኩ ትርጓሜ ስሙን ለውጦ ስላስተላለፈው ነው። እግዚአብሔር የመሰከረለት ሰው በበረከቱ ዘመን የተወለደችለትን ልጅ በኩል መያዣ ስም ከጠራት፥ ኩል በራሱ የርኵሰት ምልክት አይደለም ማለት ነው። አስቴር ወደ ንጉሡ ከመግባቷ በፊት 12 ወር በከርቤ ዘይትና በልዩ ልዩ ሽቱ ተዘጋጅታለች። ዮዲትም ማቋንና የመበለትነት ልብሷን አውልቃ፥ ታጥባና ሽቱ ተቀብታ፥ ፀጕሯን አበጥራና አጊጣ ወደ ሆሎፎርኒስ ሰፈር ወረደች። ኤልዛቤልና ዮዲት ሁለቱም አጊጠዋል። የለያቸው በብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር ሳይሆን በልባቸው ውስጥ የነበረው ነው።

ይህን ስንል የአባቶችን ተግሣጽ ለማቃለል አይደለም። ዲድስቅልያ ሴቲቱ እግዚአብሔር የፈጠረውን ፊቷን እንዳትቀባ ያዝዛል። ይህን ትእዛዝ የሚጠቅሱ ግን ከእርሱ አስቀድሞ ምን እንደ ተጻፈ ብዙ ጊዜ ይዘልሉታል። መጽሐፉ አስቀድሞ የሚገሥጸው ወንዶችን ነው፤ ሴትን ለማጥመድ እንዳያጌጡ፥ ፀጕራቸውን እንዳያቆነጁ፥ ለሌላይቱ መሰናክል እንዳይሆኑ ያስጠነቅቃቸዋል። ከዚያም በኋላ ለሁለቱም ወገን ወንድና ሴት በአንድነት በሚታጠቡበት መታጠቢያ ቤት እንዳይገቡ ይከለክላል፤ ሴቶች ለብቻቸው የሚታጠቡበት ቤት በተገኘ ጊዜ ግን በሥርዓትና በልክ እንዲታጠቡ ይፈቅዳል። የዚያ ዘመን መታጠቢያ ቤት የዛሬው ስፖርት ቤት ዘመድ ነበር፤ ሰዎች ለጤና የሚሄዱበት፥ ልብስ የሚቀልበት፥ ዐይንም የሚበዛበት ቦታ ነበርና። አባቶች ጤናውን አልጠሉም፤ የተጠነቀቁት ዐይንን ነው።

የእስክንድርያው መምህር ቀሌምንጦስ በሁለተኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ አካባቢ በጻፈው ጴዳጎጎስ (ሞግዚት ማለት ነው) በተባለው መጽሐፉ በሦስተኛው ክፍል ስለ ፊት ቀለም እጅግ የመረረ ነገር ጽፏል። ነገር ግን በዚያው ክፍል ስለ ሰውነት ማሠልጠን ሲናገር ሴቶችም ከዚህ ጥቅም እንዳይከለከሉ አሳስቧል፤ ትግልና ሩጫ ሳይሆን ፈትል፥ ሽመናና የቤት ሥራ እንዲሆንላቸው ወደደ እንጂ። በዛሬው ዘመን በወንበር ላይ ስምንት ሰዓት ተቀምጣ የምትውል የቢሮ ሠራተኛ የምትፈትለው ጥጥ የላትም፤ ውኃውም በቧንቧ፥ ዱቄቱም ከመደብር ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በየሳምንቱ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሯል። በአውደ ምሕረትና በቤቱ አዘውትሮ የሚሰግድ ሰው ከዚህ ከፊሉን ሳያስበው ይፈጽመው ይሆናል፤ ሁሉ ሰው ግን አይሰግድም፥ ጉልበቱ የታመመም አለ። ስለዚህ ሴቶች ወደ ስፖርት ቤት መሄዳቸው የሚነቀፍ ነገር አይደለም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም የማቴዎስን ወንጌል በተረጐመበት በ30ኛው ድርሳኑ ፊትን ስለ መቀባት ይናገራል። የሚያስደንቀን ነቀፌታው ሳይሆን አካሄዱ ነው፤ ባል ሚስቱን ከዚህ ልማድ ሊመልሳት ቢወድ በቍጣና በማስፈራራት ሳይሆን በምክርና በማሳመን እንዲያደርገው ይመክራልና። ዛሬ በመድረክ ላይ ስለ ሴቶች መኳኳል የሚናገሩ ሁሉ ይህን ገጽ አስቀድመው ቢያነቡ መልካም በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር እንምጣ። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የበረታው ተቃውሞ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አይደለም፤ ከግሪክ ፈላስፎች ነው። አፍላጦን ጎርጊያስ በተባለው መጽሐፉ ሶቅራጥስን እንዲህ ያለ ነገር ያናግረዋል። ሰውነትን በእውነት የሚጠብቁ ሁለት ጥበቦች አሉ፤ አንዱ ሰውነትን ማሠልጠን፥ ሁለተኛው ሕክምና ነው። እነዚህንም ሁለቱን የሚመስሉ ሁለት አስመሳዮች አሉ። ሕክምናን የሚመስለው የወጥ ቤት ጥበብ ነው፤ ምን እንደሚጠቅም ሳያውቅ ምን እንደሚጣፍጥ ያውቃልና። ሰውነትን ማሠልጠንን የሚመስለው ደግሞ መኳኳል ነው፤ ሰው በድካም ሊያገኘው የሚገባውን የገዛ ራሱን ውበት ትቶ በቀለምና በልብስ የሌላውን ውበት እንዲበደር ያደርገዋልና። እንግዲህ በዚህ አነጋገር ተኳኵላ ወደ ስፖርት ቤት የገባች ሴት እውነተኛውንና አስመሳዩን በአንድ ጊዜ ይዛ ገብታለች ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሶቅራጥስ ቢያይ ምን ባለ ነበር!

የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር የነበረው ዜኖፎንም ስለ ቤት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ ተመሳሳይ ነገር ይተርካል። ኢስኮማኮስ የሚባል ባለጸጋ ወጣት ሚስቱ ነጭ ለመምሰል ነጭ ዱቄት፥ ለመቅላት ቀይ ቀለም ተቀብታ፥ ረዥም ለመምሰልም ከፍ ያለ ጫማ ተጫምታ አገኛት። አልተቈጣትም። ያለውን ንብረት ቢደብቃት፥ ወይም የውሸት ብር ቢያሳያት ትወድደው እንደ ሆነ ጠየቃት፤ እርሱም ፊቱን በቀይ ቀለም ቀብቶ ቢቀርባት ደስ ይላት እንደ ሆነ ጠየቃት። ቀለም እንግዳን ቢያታልልም አብሮ የሚኖርን እንደማያታልል፥ ላብ እንደሚያጋልጠው፥ እንባም እንደሚመሰክርበት ነገራት። እንዴት አድርጋ በእውነት ማማር እንደምትችል በጠየቀችውም ጊዜ ተነሥታ ቤቷን እንድትጐበኝ፥ ሊጥ እንድታቦካ፥ ልብስ እንድታራግፍና እንድታጥፍ መከራት፤ ይህን ብታደርግ ምግብም እንደሚስማማት፥ ፊቷም በእውነተኛ ደም እንደሚቀላ ነገራት። (ሥራው ሁሉ ለእርሷ፥ ምክሩ ሁሉ ለእርሱ መሆኑን አንባቢ ሳይታዘብ አይቀርም።)

ይህ ክርክር የጠነከረ ነው፤ ከመሠረቱም እውነትነት አለው። ሆኖም ለጠያቂዋ እኅታችን በቀጥታ አይስማማም። አፍላጦን የሚነቅፈው ቀለሙን የድካሙ ምትክ ያደረገውን ሰው ነው፤ ተቀብቶ ቤቱ የሚቀመጠውን። እርሷ ግን ተቀብታ አልተቀመጠችም፤ ተቀብታ ወጣች። ቀለሙ ወደ እውነተኛው ድካም የሚያደርሳት መሸጋገሪያ ሆነላት እንጂ ድካሙን አላስቀረባትም። ያለዚያ በቤቷ ትቀር እንደ ነበር ራሷ ትናገራለች። እግሩ የሰነፈ ሰው ምርኩዝ ይዞ ወደ ጠበል ቢሄድ ምርኩዙን የእግር አስመሳይ ነው ብለን አንወረውርበትም። እኛ ሽማግሌዎች ረዥሙን ማሕሌት ለመቆም መቋሚያ እንደገፋለን፤ መቋሚያው አቋቋማችንን ሐሰተኛ አላደረገውም። ጥያቄው እንግዲህ ምርኩዝ መያዙ ላይ አይደለም፤ ሰውዬው ከዳነም በኋላ ምርኩዙን መጣል ያቅተው እንደ ሆነ ነው።

በራስ መተማመን ስለሚባለውም ጥቂት ማለት ይገባል። ይህ አነጋገር በዘመናችን ከትምህርት ቤትና ከሬድዮ የተስፋፋ ነው። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር መታመን የሚባለው ቃል ይበልጡን ከእግዚአብሔር ጋር ተያይዞ ስለሚነገር፥ አንዳንድ መምህራን በራስ መታመን የሚለውን ሲሰሙ ትዕቢት ይመስላቸዋል። ነገር ግን ይህች እኅት ቃሉን ስትናገር የምትለው ሌላ ነገር ነው። ከሰው ሁሉ እበልጣለሁ ማለቷ ሳይሆን፥ በሰው መካከል ሳልንቀጠቀጥ ልቁም ማለቷ ነው። ችግሯ ትዕቢት ሳይሆን ሐፍረት ነው፤ የሐፍረት መድኃኒትም ከትዕቢት መድኃኒት የተለየ ነው። ለትዕቢተኛ የሚሰጠውን ተግሣጽ ለአፋር ብንሰጠው ቍስሉን እናሰፋዋለን።

ጂምናዝየም የሚለው የግሪክ ቃል ራሱ ከእርቃን ጋር የተያያዘ ነው፤ በግሪኮች ልማድ ወጣቶች ልብሳቸውን አውልቀው የሚሠለጥኑበት ቦታ ነበርና። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 4 የሰውነት ልምምድ ለጥቂት እንደሚጠቅም ሲናገር የተጠቀመበት ቃልም ጂምናሲያ ነው። (ለጥቂት ይጠቅማል ማለት አይጠቅምም ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።) ከክርስቶስ ልደት በፊት በ175 ዓመት ገደማ ኢያሶን የተባለው ሊቀ ካህናት በኢየሩሳሌም ጂምናዝየም ባሠራ ጊዜ ካህናቱ መሥዋዕቱን ትተው ወደ ውድድሩ ቦታ ይሮጡ እንደ ነበር በግሪኩ ሁለተኛ መጽሐፈ መቃብያን ተጽፏል፤ ይህም በእኛ ዘንድ ከሚነበቡት ከመጻሕፍተ መቃብያን የተለየ ነው። እንግዲህ ቦታው ከስሙ ጀምሮ ሰው የሚገለጥበት ቦታ ነው። በዛሬው ጊዜ ልብስ ቢለበስም መገለጡ አልቀረም፤ ግድግዳው በመስተዋት የተሸፈነ ነው፥ ልብሱ የሚጠብቅ ነው፥ የደከመና የወፈረ ሰው ከጠነከረው ጎን ለጎን ይቆማል፤ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ የሚያነሣም አይጠፋም። በእንዲህ ያለው ቦታ ልቧ የሚፈራ ሴት ብትኖር የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ዕራቍታቸውን መሆናቸውን ባወቁ ጊዜ ያደረጉት ምን ነበር? የበለስ ቅጠል ሰፉ። ቅጠሉ ምንም የማይረባ ነበር፤ ወዲያው ይደርቃል፥ ይቀደዳል። እግዚአብሔር ግን በቅጠላቸው አልሳቀም። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 3 እንደሚነግረን፥ ኀጢአታቸውን ከገለጠባቸውና ፍርዳቸውን ከነገራቸው በኋላ የቁርበት ልብስ አድርጎ አለበሳቸው። መሸፈንን አልከለከላቸውም፤ የተሻለ መሸፈኛ ሰጣቸው። እኛም የእኅታችንን ስስ ዱቄት ስናይ የምናስታውሰው ያን ቅጠል ነው። ቅጠል መሆኑን መናገር ይገባናል፤ ላብ ሲወርድ ይታጠባልና። ነገር ግን የተሻለ ልብስ ሳናቀርብላት ቅጠሏን ልንገፍፋት አይገባንም። የተሻለው ልብስ ምን እንደ ሆነ ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 3 ተናግሯል፤ የማይጠፋው፥ የዋህና ዝግተኛ መንፈስ ያለው የልብ ሰው ነው። ይህ ግን በአንድ ቀን አይሰፋም። እየተሰፋ ሳለ የሚገጥማትን ብርድ ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው።

ከዚህም ጋር ዐይናቸውን ስለሚጥሉባት ሰዎች ዝም ብለን ብናልፍ ሚዛኑ ይዛባል። ጌታችን በተራራው ላይ ሲያስተምር ስለ ምኞት የተናገረው ለሚያየው እንጂ ለምትታየው አልነበረም። ወንድ ክብደት ለማንሣት መጥቶ ሴት ሲመለከት ከዋለ፥ ከዚያም ወጥቶ ስለ ኩሏ ቢሰብክ፥ ከራሱ ዐይን ጕድፍ ሊያወጣ ይገባዋል። ብዙዎቹ ሴቶች የሚኳኳሉት ዐይን ለመጥራት ሳይሆን የመጣውን ዐይን ለመቋቋም መሆኑን ስንሰማ፥ በስፖርት ቤት ያለው ነውር በማን ፊት ላይ እንዳለ ግልጽ ይሆንልናል። የስፖርት ቤት ባለቤቶችም ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ቢመድቡ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይረዳሉ፤ ይህን የሚያደርጉ አሉ፥ ሊመሰገኑም ይገባቸዋል።

ታዲያ ለእኅታችን ምን ብለን እንመልስላት? በቀለም ብዛት ልንለካላት አንወድድም፤ ይህን ያህል ይፈቀዳል፥ ይህን ያህል ይከለከላል ማለት የጻፎችንና የፈሪሳውያንን ሚዛን መያዝ ነው። ይልቅስ ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 6 ያስቀመጠውን መለኪያ እናቀርብላታለን፤ የተፈቀደም ነገር ቢሆን ሰውን ባሪያ አድርጎ እንዳይገዛው ማለት ነው። አንድ ቀን ኩሉ ቢያልቅባት፥ ወይም ማለዳ ብትቸኩል፥ ባዶ ፊቷን ይዛ ትሄዳለችን ወይስ ትቀራለች? ከሄደች ኩሉ ጌጥ ነው፤ ከቀረች ኩሉ ጌታ ሆኗል። ይህን ፈተና ሌላ ሰው ሊያደርግላት አይችልም። እያወቀች በሳምንት አንድ ቀን ሳትኳል ብትሄድ፥ ቀስ በቀስም ሁለት ቀን ብታደርገው፥ ፍርሃቷ የነበረው ከሰዎቹ ዐይን ይልቅ በራሷ አሳብ ውስጥ እንደ ነበር ትረዳ ይሆናል። በስፖርት ቤት ከሚሠሩት የሚበዙት የራሳቸውን ትንፋሽ ከመቍጠር በቀር የሌላውን ፊት ለመመርመር ጊዜ የላቸውምና።

የሥጋን ነገር በተመለከተም ጥቂት ማስታወሻ አለን። ወፍራም ቅባት ከላብ ጋር ሲቀላቀል የቆዳን ቀዳዳ እየደፈነ ብጕር ሊያወጣ ስለሚችል፥ ከሥራው በፊት ስሱን መቀባት፥ ከሥራው በኋላም ወዲያው መታጠብ ይሻላል። ኩልም ቢሆን ከጥንት ግብፃውያን ጀምሮ ጋሌና ከሚባለው የእርሳስ ማዕድን ይሠራ ስለ ነበር፥ ዛሬም በየገበያው ምንነቱ ሳይታወቅ የሚሸጠው እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው። ፊት ለማንጣት የሚቀቡትን ቅባቶች ግን ከዚህ ለይተን እንቃወማቸዋለን። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ስለሚገኝባቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በሚናማታ ስም የተጠራው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲቀሩ ካደረጋቸው ዕቃዎች መካከል ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መኳኳያዎች ይገኛሉ። ከጤናውም ሌላ፥ ዐይንን መኳል ያለውን ፊት ማስጌጥ ሲሆን፥ ቆዳን ማንጣት ግን የተሰጠውን መልክ መጥላት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የልክ ብቻ አይደለም።

ቀለም ብርታትን ይሰጣል ወይስ ይወስዳል የሚለውንም በሯጮች ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካዊቷ ፍሎረንስ ግሪፊት ጆይነር ረዣዥም ጥፍሮቿን በልዩ ልዩ ቀለም አስጊጣ የምትሮጥ ነበረች፤ በዚያው ዓመት 100 ሜትርን በ10.49 ሴኮንድ፥ 200 ሜትርን በ21.34 ሴኮንድ የሮጠችባቸው ሰዓቶች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይሰበሩ ቈይተዋል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ስታገኝ ደግሞ ሕዝቡ በደስታ ያለቀሰው የፊቷን ጌጥ አይቶ አልነበረም። አንዷን ቀለሙ አላስነከሳትም፥ ሁለተኛይቱን የቀለም ነገር ያሰበላት የለም። ሁለቱም ያሸነፉት ባላቸው እግር ነው።

በዚህ ጕዳይ ካህናትም ከክርክሩ ውጭ አይደለንም። በክብረ በዓል ቀን ካባችንን ደርበን፥ ጥምጥማችንን አስተካክለን ስንወጣ ልባችን እንደሚጸና እናውቃለን፤ ካባው በተቀደደበት ቀን ደግሞ ድምፃችን ሲቀጥን እንሰማዋለን። ይህ የሰው ባሕርይ ነው፤ ለእኛ ሲሆን ክብር፥ ለእርሷ ሲሆን ከንቱ ውዳሴ ብለን ልንሰይመው አይገባንም። አባ ጳምቦ በቅዱስ አትናቴዎስ ተጠርቶ ወደ እስክንድርያ በወረደ ጊዜ ያጌጠች የቴአትር ሴት አይቶ አለቀሰ። ለምን እንዳለቀሰ ቢጠይቁት ሁለት ምክንያት ሰጠ፤ አንደኛው የእርሷ መጥፋት ነው፤ ሁለተኛው ግን እርሷ ሰዎችን ደስ ለማሰኘት የምትደክመውን ያህል እርሱ እግዚአብሔርን ደስ ለማሰኘት አለመድከሙ ነው። ያ መነኵሴ በአደባባይ ከታየችው ሴት ፊት ላይ የራሱን ጉድለት አነበበ።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ቀርቶልናል፤ ይኸውም በጾም ወራት እንዴት ልትሆን ይገባታል የሚለው ነው። በአገራችን ልማድ በዐቢይ ጾም ጌጥ መተው፥ በተለይም በሰሙነ ሕማማት፥ የኀዘን ምልክት ሆኖ የቈየ መልካም ልማድ ነው። ቅዱስ ቍርባን ለመቀበልና መስቀል ለመሳለም የምትቀርብ ሴትም ከንፈሯን ከቀለም ልታጠራ ይገባታል፤ ይህን ለካህናቱ ማስረዳት አያሻም፥ መስቀላቸው ይመሰክራልና። ስለ ስፖርት ቤቱ ግን ጌታችን የሚጾም ሰው ፊቱን እንዲታጠብና ራሱን እንዲቀባ፥ ጾሙ ለሰው እንዳይታይበት ማዘዙን ማስታወስ ያስፈልጋል። ስለዚህ በጾም ወራት ያለ ኩል ብትሄድ መልካም ነው፤ በስሱ ተኵላም ብትሄድ ጾሟን የሚያውቅባት የለም። ከሁለቱ የትኛው ለእርሷ እንደሚሻል፥ የትኛውም ቀን የመጀመሪያው ኩል የሌለበት ቀን እንዲሆን፥ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ትወስን።